ለእማዬ እግር የመረጥነው ጠርዝ

አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፤ እኔ አንተ ያለህበትን ስለማላውቅ እኛ ያለንበትን ልንገርህ። ደህና ነን። ሱቁ ክፍት ነው። አንተ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንደኛው እግሩ አጭር እንደሆነና ካርቶን አጣጥፈህ ከሥሩ ታደርግ እንደነበር ያወቅሁት በመጀመሪያው ቀን ልወድቅ ስል ነው። ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

የምጽፍልህ ስለ መኪና መግቢያው ነው። ከውጭው በር እስከ ቤታችን ያለውን አስፋልት አስነጠፍነው። የመንገዱን ጠርዝ ግን ሁለት ጊዜ ነው የሠራነው፤ መጀመሪያ እኔ ተሳስቼ፣ ቀጥሎ ስህተቴን ለማረም። ሌላም ነገር አለ። እማዬ ዓይኗ እንደማያይላት ደርሼበታለሁ። አንተ ታውቅ እንደነበርም ደርሼበታለሁ። በዚህ በጣም ተቀይሜሃለሁና ሳልደባብቅ ልንገርህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ግቢያችን አንተ እንደተውከው ነው። ፊት ለፊት፣ ጎጃም በረንዳ መንገዱ ላይ የቅመም ሱቃችን፤ መሐል ላይ ለከድር ያከራየኸው መጋዘን፤ ከጓሮ ቤታችን። ከቤቱ ደረጃ እስከ ሱቁ የኋላ በር ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። በዚያችው ሃምሳ እርምጃ ላይ ጠዋት ጠዋት አይሱዙ ወደ ኋላ እየተነዳ ይገባል፣ ጋሪ ይመላለሳል፣ እማዬም ቅመሟን ልትሰፍር ትሄዳለች። ነገሩ ሁሉ የተነሳው እሷ ይህችን መንገድ ብቻዋን መሄድ ትችላለች ወይስ አትችልም ከሚለው ነው። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ስለ አስፋልት የምናወራ ይመስለኝ ነበር።

ከመሞትህ ሦስት ዓመት በፊት በመንገዱ ግራ በኩል ጥርብ ድንጋይ ደረደርክ። ከፈረሱ አሮጌ ሱቆች መሠረት የወጣ ጥቁር ድንጋይ በጋሪ አስመጥተህ፣ ሲባጎ ወጥረህ፣ አፈሩን በገዛ እጅህ እየቆፈርክ ሳምንት ሙሉ ለፋህ። በቀኝ በኩል አንዲት ድንጋይ አላስቀመጥክም። ሰው ሲጠይቅህ ለጎርፍ ነው ትላለህ። ጎርፉ የሚገባው ከቀኝ በኩል እንደሆነ ደግሞ ግቢው ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ሽማግሌ ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያደርገዋል ብዬ ለዮናስ ስልክ ደውዬ ስቄብሃለሁ። ወንድሜም ሳቀ። ስለ ሁለታችንም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ሙት ዓመትህ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ከድር መጣ። ከድርን ታውቀዋለህ፣ ሥራ ይወዳል፣ ጭቅጭቅ አይወድም። ባለፈው ክረምት አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን ስለዋለበት፣ ወጪውን ተጋርተን አስፋልት እናንጥፍ አለኝ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ጠርዙ ከአስፋልቱ እኩል ይሁን፣ ጋሪዎቹ ወደ መጋዘን ሲገቡ እንዳይደናቀፉ። እኔም የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ለሙት ዓመትህ ድንኳን መተከል አለበት፣ አግዳሚ ወንበር መደርደር አለበት፣ ሰው ይመጣል። ያ በአንድ ወገን ብቻ ቀርቶ የቆመ ድንጋይህ ያሳፍረኝ ነበር። ጀምሮ ሳይጨርሰው ሞተ እያሉ እንዲያዝኑልህ አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው ድንጋይህን ያስነቀልኩት።

እማዬን አማክሬያታለሁ። እንደፈቀድሽ አለችኝ። እሷ እንደፈቀድሽ ካለች አልፈቀደችም ማለት እንደሆነ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ እንዴት እንደተሰወረብኝ አላውቅም።

አስፋልቱ ጥሩ ሆኖ ተነጠፈ። ጠርዙን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የኮንክሪት ከርብ ስቶን አድርገን፣ ከመሬት ጋር እኩል አድርገን ቀበርነው። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ዓይን የሚስብ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለዮናስ ላክሁለት፤ አሪፍ ነው ብሎ አውራ ጣት መለሰልኝ። ድንጋዮችህን ግንቡ ጥግ አስከመርኳቸው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እማዬ ሱቅ መምጣት አቆመች። ጉልበቴን አመመኝ አለች። ቅባት ገዛሁላት፣ በሞቀ ውኃ ዘፈዘፍኩላት፣ እሷም ትታሽልኛለች። እኔ ብቻዬን ሱቅ ስውል ግን የእሷ ሥራ ምን እንደነበር ገባኝ። ኮረሪማውን በጣቷ እየጨመቀች ነው ባዶውን የምትለየው። ቅርንፉዱን አሽትታ የዘንድሮ ነው ወይም የአምና ነው ትላለች። ነጭ አዝሙድና ድንብላል የሚቀመጡበትን ጆንያ እጇ ያውቀዋል። ሚዛኑን የማነበው እኔ፣ ብሩን የምቀበለው እኔ። አጠገቧ ተቀምጬ ስውል ዓይኗን የሚፈልግ ሥራ አንድም እንዳልነበራት አላስተዋልኩም።

ሌላ ያልጠረጠርኩበት ምክንያትም አለ፤ ይሄኛው የእኔ ብቻ ጥፋት አይደለም። አንተ ከሞትክ ጀምሮ እማዬን ብቻዋን የተዋት ሰው አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት ክንዷን ትያዛለች። ለቅሶ ላይ ግራና ቀኝ ይደግፏታል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ይደግፏታል፣ መቀመጫ ይዘው ያስቀምጧታል፣ እጇ ላይ ብርጭቆ ያስጨብጧታል። አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ብትሄድ ሐዘን ነው ይባላል። ሰላምታ ሲሰጧት ዘግይታ ብትመልስ ሐዘን ነው ይባላል። ዓመት ሙሉ ሐዘኗ ደበቀላት። በሙት ዓመትህ ቀንም ከድንኳኑ እስከ ቤት በሰው ክንድ ተመላለሰች፣ እንግዳው መርቆ ሄደ፣ እኔም ሁሉም ነገር አማረ ብዬ ተኛሁ።

በሳምንቱ ከሱቁ የኋላ በር ላይ ቆሜ ወደ ግቢው ስመለከት እማዬ ከቤት ወጥታ ስትመጣ አየኋት። እግሯ የመንገዱን ጠርዝ ይፈልጋል። በጫማዋ ግራ በኩል መሬቱን ዳሰስ ታደርጋለች፣ ምንም የለም፤ አንድ እርምጃ ትሄዳለች፣ እንደገና ትዳስሳለች። እንዲህ እያደረገች ሳታውቀው መሐል አስፋልቱ ላይ ገባች። በዚያው ቅጽበት የከድር አይሱዙ ከበሩ በኋላ ማርሽ እየገባ ነበር። መኪና የሚያስገባው ሰው ና፣ ና፣ ና ሲል ቆይቶ አቁም ብሎ ጮኸ። እማዬ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ዝም ብላ ቆመች። ወደ መኪናው አልዞረችም፣ ወደ እኔም አልዞረችም። መኪናው ከእሷ ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆመ። ሮጬ ስይዛት እጇ በረዶ ሆኗል፤ አፏ ግን ጉልበቴ ነው፣ ጉልበቴ ነው ይላል።

ቤት አስገብቼ ፊቷ ተቀመጥኩ። ስንት ጣት ነው አላልኳትም፣ እንደዚያ ላዋርዳት አልፈለግሁም። እማዬ፣ እታይሻለሁ ወይስ አልታይሽም አልኳት። ድምፅሽ ካለበት ቦታ ጥላ አያለሁ አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ዓይኗ ከዳር ጀምሮ እየጠበበ ሲመጣ መጀመሪያ የነገረችው ለአንተ እንደሆነ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላት እምቢ እንዳለች፣ ልጆቹ ካወቁ ከሱቅ አስወጥተው ቤት ያስቀምጡኛል ብላ እንዳስማለችህ። አንተም ማልክላት። ከዚያ ምንም ሳትላት ድንጋይ መደርደር ጀመርክ። ለምን እንደሆነ ራስህ አልነገርካትም አለችኝ፤ አንድ ጠዋት ስትወጣ እግሯ አገኘው።

ይህንን ስሰማ አለቀስኩ አባዬ። ደስ ብሎኝም ነው፣ ተናድጄም ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው አሉ፣ ነርቩን በልቶታል፣ የሄደው አይመለስም፤ የቀረችውን ትንሽ ብርሃን በጠብታ እንጠብቃታለን አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ ብዙ ይተርፍላት ነበር ሲለኝ ሐኪሙን ሳይሆን አንተን ነበር የማየው። የእሷን ቃል ጠብቀህ ዓይኗን አሳጣሃት። ድንጋይ በመደርደር የሚካስ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ሁሉ በሆዴ ተናገርኩህ፤ እሷ አጠገቤ ስለነበረች ድምፄን አላወጣሁም። አሁን በጽሑፍ ይድረስህ።

በማግስቱ ጠዋት ክንዷን ይዤ ወደ ሱቅ ላድርሳት ብዬ መጣሁ። እጇን ነጠቀችኝ። ማታ እንደፈለግሽ ያዢኝ፣ ዝናብ ሲሆን ያዢኝ፣ ጠዋት ግን ብቻዬን ነው የምሄደው አለችኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። አንተ በሌለህበት እሷን ማሸነፍ እንደማልችል ታውቃለህ። እንግዲያው መንገዱን ላብጅልሽ አልኳት። ከዚያ ነው ጋሽ ደሴን የጠራሁት፣ ያንን የኩሽናውን ግድግዳ የሠራልህን ግንበኛ።

ጋሽ ደሴ አስፋልቱን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። ጠርዝ ከአስፋልት በፊት ነው የሚተከለው፣ አስፋልቱ የሚደገፈው በእሱ ነው፣ እናንተ ልጅ ወልዳችሁ ከዚያ ሠርግ ደገሳችሁ አለኝ። ሳቅሁ። በግራ በኩል አስፋልቱን በመቁረጫ ማሽን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ አንድ ክንድ ስፋት ቦታ አወጣ። ምን ዓይነት ጠርዝ ይሁን ሲለኝ እኔ ሳልሆን እማዬ ትመርጣለች አልኩት። ለምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ሰው ፊት እንዳያወራው ደግሞ አስጠነቀቅሁት።

አንድ እሑድ፣ መጋዘኑ ዝግ፣ ግቢው ጸጥ ያለ ቀን፣ አራት ዓይነት ጠርዝ በሁለት በሁለት ሜትር ደረደረላት። እማዬ በየቀኑ የምታደርጋትን የፕላስቲክ ጫማ አድርጋ ከአንዱ ወደ አንዱ በግራ እግሯ እየዳሰሰች ሄደች። የሠርግ ልብስ የምትመርጥ ሙሽራ እንኳ እንደዚያ አትጠነቀቅም። መጀመሪያ ቀና ተደርጎ የቆመው የኮንክሪት ከርብ ስቶን ነበር፤ ትከሻው ስለተዳፈነ እግር ያንሸራትታል ብላ ተወችው። ቀጥሎ ቀይ ሸክላ ጡብ፤ ወደደችው፣ ጋሽ ደሴ ግን የጋሪ ጎማ በአንድ ክረምት ያደቀዋል አለ። ሦስተኛው ከምናለሽ ተራ ያመጣሁት የብረት አንግል ነበር። ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል፣ ግን የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ቀደደው። ይሄስ ቢላዋ ነው አለች። እኔ ብረቱን ለመግዛት ግማሽ ቀን ስለተከራከርኩ ትንሽ ከፋኝ።

አራተኛው የአንተ ድንጋይ ነው። ግንቡ ጥግ ከተከመረው ጋሽ ደሴ ስድስቱን አጥቦ አቁሟቸው ነበር። ምን እንደሆነ አልነገርናትም። እግሯን አስጠጋች፣ ቆመች፣ ከዚያ ሳትዳስስ እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደች። እንደዚያው ተመለሰች። ወደ ቤት ገባችና ለጋሽ ደሴ ምሳ አቀረበች። ምርጫው አለቀ ማለት ነው።

ከፍታው ላይ ግን ተከራከርን። ጋሽ ደሴ መኪና እንዳይወጣበት አንድ ስንዝር ይሁን ይላል፤ እማዬ አራት ጣት ይበቃኛል፣ ከዚያ በላይ ለእኔም እንቅፋት ነው ትላለች። አራት ጣት ሆነ። የቀረው ከድር ነበር። መጋዘኑ በግራ በኩል ስለሆነ ድንጋዩ በበሩ ፊት ከቀጠለ ጋሪ አይገባለትም፣ ከተቋረጠ ደግሞ እማዬ እዚያ ላይ መንገድ ይጠፋታል። አንተ በሠራኸው ጊዜ ያንን ቦታ ክፍት ትተኸው ነበር። እንዴት ታልፊው ነበር ብዬ ስጠይቃት ከመጋዘኑ የሚወጣውን የኑግ ጆንያ ሽታ ይዤ ሰባት እርምጃ እቆጥራለሁ አለችኝ። ኑግ የማይኖርበት ቀን ግን አለ።

ለከድር እውነቱን ነገርኩት። እማዬ ስለማትወድ አልነግረውም ብዬ ነበር፤ ግን መኪናው የእሱ ነው፣ ሊገድላት ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። የራሱ እናት እንደዚሁ ሆና እንደሞተች ነገረኝ። ከዚያ መፍትሔውን ራሱ አመጣው። በበሩ ፊት ኮብልስቶን ይደረግ፣ ከአስፋልቱ እኩል ይሁን፣ ግን ሳይለሰልስ ይተው፤ ጋሪው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይቆምም፣ የእሳቸው እግር ደግሞ ሻካራውን ያውቀዋል አለ። እንዳለው አደረግነው። አይሱዙውም እማዬ ሱቅ ሳትገባ እንዳይንቀሳቀስ ሹፌሩን አዘዘው።

ዮናስንም ነገርኩት። በዚህ ላይ እንደ አንተ መሆን አልቻልኩም። አንተ ዝም ብለህ ምን እንዳጣን አይቻለሁና እማዬ ብትቆጣም ብዬ ደወልኩለት። ተቆጣች፣ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ዮናስ በነጋታው ከጀሞ መጣ። ልውሰዳት፣ እኔ ጋ ሠራተኛ አለች፣ ትጠብቃታለች አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖርና ሊፍት እንደሌለው እንኳ አላሰበም። ከልቡ ነው፣ አልፈርድበትም፤ እያወራ ዕንባው ይወርድ ነበር። እማዬ ንግግሩን ሁሉ ጨርሳ ሰማችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ወጣች።

ሊይዛት ተነሳ፣ እጁን ይዤ አስቀረሁት። ደረጃውን ወረደች። ግራ እግሯ ድንጋዩን አገኘ። ቀስ ብላ፣ አንዴም ሳትቆም ሄደች፤ ኮብልስቶኑ ላይ ስትደርስ ትንሽ ዝግ አለች፣ ከዚያ ማዶ ያለውን ድንጋይ እንደገና አገኘችው። የሱቁን የኋላ በር ከፍታ ገባች። ደርሰን ስናያት አንዲት ሴትዮ ጥቁር አዝሙድ ጠይቃት እየሰፈረችላት ነበር። ዮናስ የአንተ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሲሄድ የዓይን ጠብታዋን እኔ ነኝ የምገዛው አለኝ። እሺ አልኩት።

እስከ ትናንት ድረስ የማስበው ጠዋት ብቻዬን ካልሄድኩ የምትለው ከግትርነት ነው ብዬ ነበር። ትናንት ከድር አዲስ የገባ ኮረሪማ እዪልኝ ብሎኝ በማለዳ መጋዘኑ ውስጥ ነበርኩ። እማዬ ከቤት ስትወጣ ድምፅ ሰማሁ። ታወራለች። የምትጸልይ መስሎኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። በመጋዘኑ በር ፊት ስታልፍ ግን የአንተን ስም ጠራች። ዮናስ እንደከሳ ነገረችህ። እኔ ወጥ ላይ ጨው እንደማበዛና እንዳልነገረችኝ ነገረችህ። ጠብታው ያቃጥላል፣ ግን አደርገዋለሁ አለችህ። ልጅቷ ተቀይማሃለች፣ ቀስ ብሎ ይወጣላታል አለችህ። ከዚያ ትንሽ ሳቅ አለች፣ አንተ መልሰህላት መሆን አለበት። የሱቁ በር ላይ ስትደርስ ዝም አለች፣ ቁልፉን አወጣች፣ ሥራዋን ጀመረች።

ሐኪሙ ያለውን መቼም አልረሳውም፣ አንተንም በዚያ ነገር ገና ይቅር አላልኩህም። ትናንት ግን መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እንደ ሐኪም ቤቱ ቀን ዓይነት ልቅሶ አልነበረም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ገጽ የሞላሁት በከንቱ ነው፤ ወሬውን በሙሉ ቀድማ ነግራሃለች።

እኔ በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፣ አባዬ። እሷማ ገና አልተለየችህም።

ልጅህ
ሰናይት